ባልቦላው ትንሽ ያውራ

«እንዳታጠፋው!»

ባጃጁ ገና ጥግ ይዞ ሳይቆም ነው መካኒኩ እጃቸውን አንሥተው የጮኹት። ቁልፉን ሊያዞር የነበረው ወጣት ሹፌር እጁን ሰበሰበ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ጥላው ራሱ የሚሞቅበት ሰዓት። ልጁ ከማለዳ ጀምሮ በከተማውና በመልካ ጀብዱ በኩል ባለው ኢንዱስትሪ ፓርክ መካከል ሠራተኛ ሲያመላልስ ውሏል። ከኋላ ያለው የሞተር ክዳን ሲነሣ የወጣው ወላፈን፣ እንጀራ ጋጋሪ አክንባሎውን ስታነሣ ፊቷን እንደሚመታት ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲሞቅ ያንኳኳል» አለ ልጁ። «ጠዋት ጠዋት ግን ምንም ድምፅ የለውም።»

«ጠዋት ሁሉም ሞተር ጨዋ ነው» አሉት።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አነሡ። ጫፉን የሞተሩ አናት በሆነው ቴስታታ ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሯቸው ፊት ለፊት ካለው አጥንት ጋር አጣበቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መንገዱ ላይ ሲኖ ትራክ ያልፋል፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ አጠገባችን ጎሚስታው ጎማ ይነፋል። እሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ወጥተው ሌላ ክፍል የገቡ ይመስሉ ነበር። ካቻቢቴውን ወደ ጎን አዛወሩ፣ ቆዩ። ወደ ታች አወረዱ፣ ቆዩ። መልሰው ወደ ላይ አመጡትና ከሁለቱ የባልቦላ ክዳኖች አንዱን አዳመጡ፣ ከዚያም ሌላውን። ሁለተኛው ላይ ከሁሉም በላይ ቆዩ።

«ያ የሚያንኳኳው አይደለም የሚያስፈራኝ» አሉ ቀና ብለው። «ይሄኛው ዝም ያለው ነው። በል አሁን አጥፋው። ነገ ጎህ ሲቀድ ሳታስነሣው እየገፋህ አምጣልኝ።»

ድሬዳዋ የሄድኩት ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጽፍ ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ተብሎ ሥራ መጀመሩ የታወጀበት ቦታ ነው፤ ረጃጅም የፋብሪካ አዳራሾቹን፣ ሰፋፊ መንገዶቹን፣ ፈረቃ ሲለወጥ በር ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ለማየት ነበር አሳቤ። አየሁትም። ማስታወሻ ደብተሬን የሞላው ግን ከበሩ ውጭ መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ያየሁት የአንድ ሰው የእጅና የጆሮ ሥራ ሆነ። ዝም ያለ ነገር ከሚያንኳኳ ነገር በላይ እንዴት ሊያስፈራ እንደሚችል ሳይገባኝ ከድሬ መውጣት አልፈለግሁም።

የሞቀ ሞተር ምን እንደሚናገር ለመረዳት መጀመሪያ ሙቀት ብረትን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያሻል። ከበሮ የሚመታ ሰው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ከበሮውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁም ይጠራል። ሞተርም ሲሞቅ ይለወጣል፤ ግን አካሎቹ እኩል አይለወጡም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ እየተከፈተ እየተዘጋ ጋዝ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ባልቦላ ብረት ነው። ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው፤ የሚመላለስበት የሲሊንደር ውስጠኛ ግድግዳ ብረት ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱም አንድ አይደለም። የጭስ ማስወጫው ባልቦላ ራስ እሳት ውስጥ ተቀምጦ ከ600 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ከሱ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ያለው የቴስታታው አካል ገና 150 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል።

በቁጥር እናስበው። 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ቢጨምር 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው አሉሚኒየም በ150 ዲግሪ ቢሞቅ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ልዩነቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት። የሞተሩ ሕይወት ያለው እዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። ባልቦላውን በሚገፋው ክንድና በባልቦላው ጫፍ መካከል መካኒኩ ክፍተት ሊተው ይገባዋል፤ በእንዲህ ያሉ ትናንሽ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ያህል። የአንድ ጸጉር ውፍረት ማለት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ክንዱ ባልቦላውን በመዶሻ እንደሚመታ ሰው እየተወረወረ ያገኘዋል፤ ጎረቤት የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይኸ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ግን ምንም አይሰማም።

መካኒኩን ያስፈራቸው ይህ «ምንም» ነው። ባልቦላ እሳት ውስጥ እየኖረ የማይቀልጠው በተዘጋ ቁጥር ወንበሩ ላይ አርፎ አብዛኛውን ሙቀቱን ለቴስታታው ስለሚያስረክብ ነው። ያቺ ቅጽበት ዕረፍቱ ናት። ክፍተቱ ጠፍቶ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ባልቦላው ይረዝማል፣ ክንዱ ጀርባው ላይ ይጫነዋል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል። በተረፈችው ስንጥቅ የነደደ ጋዝ ይሾልካል፤ የባልቦላው ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጸጥታ ነው። ሹፌሩ «ሞተሬ ዛሬ ልስልስ አለልኝ» እያለ በደስታ የሚነዳበት ወር ባልቦላው የሚቃጠልበት ወር ሊሆን ይችላል።

ልጁ ጠዋት ድምፅ የለውም ያለውም እውነቱን ነው፤ ምክንያቱ ዘይቱ ነው። በሞቃት አገር የሚመከረው 20ደብሊው-50 ዘይት ከ40 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ውፍረቱ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ጠዋት እንደ ማር ሆኖ በየክፍተቱ ይሞላል፤ የላላውን ይደግፋል፣ የሚጋጨውን ያለዝባል። ከሰዓት እንደ ውሃ ቀጥኖ ሁሉንም ባዶውን ይተወዋል። ሰው እንግዳ ፊት ሲቀርብና ደክሞት ቤቱ ሲገባ የተለያየ እንደሆነ ሁሉ፣ የሞተርም ጠባይ የሚታወቀው ሲደክመውና ሲሞቀው ነው። «እንዳታጠፋው!» የተባለውም ለዚህ ነው። አንዴ ከጠፋና ከቀዘቀዘ እውነቱን ለመስማት ሌላ ቀን ሙሉ መሥራት አለበት።

የሞቀ ሞተር ድምፆች እንደ ሰው ድምፅ የየራሳቸው ቁመትና ወዝ አላቸው፤ ጥሩ መካኒክም ልጆቹን ከበር ውጭ በድምፃቸው እንደሚለይ አባት ይለያቸዋል። የባልቦላው ቀጭንና ደረቅ ነው፤ «ጠቅ ጠቅ»። የታይሚንግ ሰንሰለት ሲላላ ጋዝ ሲለቀቅ ከጎን በኩል «ክሽክሽ» ይላል፤ በጆንያ ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ ሳንቲም። የፍሪዚዮን ጓጓታ እጀታው ሲጨበጥ ይጠፋል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ኩችኔታ ሲያረጅ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየቀጠነ የሚሄድ ልቅሶ አለው። ከሥር፣ የፒስቶኑን ምልልስ ወደ ዙር ከሚለውጠው ኮሎ በኩል የሚመጣ ከባድ «ድው፣ ድው» ግን የሁሉም ፍርሃት ነው፤ ያን የሰማ መካኒክ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ለአፍታ ዝም ይላል፤ ሞተር መውረዱ ነውና።

ላስተዋለው ሰው በዚህ ማዳመጥ ውስጥ ስሌት አለ። ባለ አራት ምት ሞተር ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ባልቦላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ካም አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ቢዞር፣ ከኮሎው የሚመጣ ድምፅ በሰከንድ 23 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ከባልቦላ የሚመጣው ግን 12 ጊዜ ገደማ ብቻ። መካኒኩ ይህን አይቆጥሩትም፤ ጆሯቸው ይቆጥርላቸዋል። ድምፁ ከሞተሩ ምት ጋር እኩል እየሄደ ነው ወይስ አንዱን ምት እየዘለለ? በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ችግሩ ከላይ ይሁን ከታች ብሎን ሳይፈቱ ይለያሉ። ዘፈን ሲጀመር ማጨብጨብ ያለበት የት ላይ እንደሆነ ሳይነገረው የሚያውቅ ሰው ያለው ችሎታ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ስሕተት የሰው እንጀራ ያስከፍላል።

አንድ ሌላም ድምፅ አለ፤ ከብረት ላይ ሳይሆን ከእሳቱ የሚነሣ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሞተር ሳይክል የወጣ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሁለት ሰው ጭኖ፣ በከፍተኛ ማርሽ፣ ጋዝ ሙሉ ተከፍቶ ዳገቱን ሲጋፈጡት ሞተሩ ውስጥ ጠጠር በጣሳ የተናጠ ይመስላል፤ «ቅርርር»። ከልክ በላይ በመሞቁ ቤንዚኑ ካንዴላው ያስጀመረው ነበልባል እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በየጥጉ እየፈነዳ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ካርቡራተሩ ከተጠበበ ይብሳል፤ ነዳጅ ያነሰው ቅልቅል የበለጠ ይሞቃልና። መካኒኩ ካንዴላ ሲያወጡ መጀመሪያ ቀለሙን ያያሉ። የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ጤነኛ ነው፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩ በሙቀት እየተጎዳ ነው። ፈውሱ ብዙ ጊዜ እጅ ላይ ያለ ነው፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በቀላሉ እንዲሽከረከር መተው።

ባጃጅ ላይ ማርሽ መቀነስ ሌላም ትርጉም አለው። ሞተር ሳይክል ሞተሩን ለነፋስ አጋልጦ ይሄዳል፤ ባጃጅ ግን ሞተሩን ከኋላ ደብቆ ነው የተሠራው፤ ነፋስ አያገኘውም። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ማራገቢያ አለው፤ ማርሽ ተቀንሶ ሞተሩ ሲፈጥን ነፋሱም ይበረታል፤ በዙሪያውም ነፋሱን በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል እየመራ የሚያሳልፍ የቆርቆሮ ሽፋን። የዚህ አሳብ አባት ሩቅ ነው። ጣልያናዊው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ አስቀድሞ ሄሊኮፕተር ይነድፍ የነበረ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ለፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን ሠራ፤ ሞተሯ ከሽፋን ሥር ስለሆነ በማራገቢያ አቀዘቀዛት። ከሷ እ.ኤ.አ. በ1948 ባለ ሦስት እግሯ አፔ ተወለደች። ሕንዳዊው ባጃጅ ኩባንያም ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ማምረት ጀመረ፤ ስሙም እኛ ዘንድ የተሽከርካሪው ስም ሆኖ ቀረ።

መካኒኩ ይህን ታሪክ ላያውቁት ይችላሉ፤ ሥራውን ግን ያከብሩታል። ያቺን የቆርቆሮ ሽፋን ብዙ ሰው ለጥገና ፈትቶ «ምን ታደርጋለች» ብሎ ይጥላታል። እሳቸው ጋ የመጣ ባጃጅ ሽፋን ከሌለው ሌላ ነገር አይነኩም፤ መጀመሪያ እሷ ትፈለጋለች። ከክንፎቹ መካከልም በቀጭን ሽቦና በብሩሽ የድሬን አሸዋና የደረቀ ዘይት እየጫሩ ያወጣሉ፤ ጥርስ እንደሚያጸዳ ሐኪም አንድ በአንድ። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሥተው መዳፋቸውን ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ይይዙታል። «እስትንፋሱ መጣ» አሉ አንዴ።

ከሰማኋቸው ቃላት ብዛት አንዳንዱ አንባቢ ጋራዥ የገባ መስሎት ይሆናል፤ ካቻቢቴ፣ ቴስታታ፣ ባልቦላ፣ ካንዴላ፣ ኩችኔታ፣ ፍሪዚዮን፣ ሚኒሞ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከቁልፉና ከመዶሻው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው አማርኛ ሆኑ። ደስ የሚለኝ ግን ለድምፆቹ የጣልያንኛ ቃል አለመዋሳችን ነው። ማንኳኳት፣ መጮህ፣ ማጓራት፣ መንጫጫት፣ ማልቀስ፣ ማውራት፣ ዝም ማለት፤ እነዚህ ሁሉ የቤታችን ቃላት ናቸው። ዕቃውን ከውጭ አመጣነው፤ መስማቱ ግን የራሳችን ነበር። ሸክላ የምትገዛ እናት ጀበናውን በጣቷ አንኳኩታ ስንጥቅ እንዳለው ታውቃለች፣ ቡና የምትቆላ ልጅ ፍሬው ሲንጣጣ ምጣዱን ታነሣለች፤ የመስማት ሙያ ቤታችን ውስጥ የኖረ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ ከብረት ድምፅ ጋር የተወለደች ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሃዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ቦታው ገና ከተማ አልነበረም፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሎኮሞቲቭ የሚጠገነው፣ ቶርኖ የሚዞረው፣ ብረት የሚቀጠቀጠው እዚሁ ድሬ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። የባቡር ሠራተኛ በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት አንድ ልማድ ነበረው፤ ባቡር ሲቆም በረጅም መዶሻ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታ እያደረገ ማዳመጥ። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የተሰነጠቀ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ያ መዶሻና ይኼ ካቻቢቴ የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው። ጎረቤት ሐረር ላይም ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። የዚህ አገር ሰው መንገድን እንኳ በማሽን ድምፅ ይሰይማል።

የአሮጌው ባቡር ሃዲድ ደግሞ ክፍተትን ያስተምራል። 10 ሜትር የሚረዝም ሃዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 5 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ሃዲድ የሚዘረጋ ሰው በአንዱና በሌላው መካከል ቦታ ካልተወ እኩለ ቀን ላይ ብረቱ የሚሄድበት ያጣና ይቆለመማል። ስለዚህ በጠዋቱ ቅዝቃዜ እየሠራ የቀትሩን ፀሐይ ያስባል፤ ክፍተቱን ይተዋል። ተሳፋሪውን ሌሊቱን ሙሉ እሹሩሩ የሚለው «ተክ ተክ፣ ተክ ተክ» ጎማው ያቺን ክፍተት ሲሻገር የሚሰማው ነበር። ሰው የባቡር ድምፅ ነው ይላል፤ የአሳቢ ሠራተኛ ድምፅም ነው።

ፒስቶን ላይ ይህ አስተሳሰብ ከሁሉም በላይ ይረቃል። መካኒኩ ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ ፒስቶን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ክብ ነው?» አሉኝ። ክብ ነው አልኩ። ሳቁና መለኪያ አምጥተው አሳዩኝ፤ ክብ አይደለም። በአንድ በኩል ከሌላው በመቶኛ ሚሊሜትሮች ይጠብባል፤ አናቱም ከወገቡ ይቀጥናል። ጉድለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ዘንጉ የሚያልፍበት ጎን ብዙ አሉሚኒየም ስላለው ሲሞቅ የበለጠ ያድጋል፤ አናቱ እሳቱን ስለሚጋፈጥ ከወገቡ በላይ ያብጣል። ስለዚህ ሠሪው ፒስቶኑን ሲቀዘቅዝ አጣምሞ ይሠራዋል፣ ሲሞቅ እንዲቃና። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ አንዳንዴ የሚሰማው የፒስቶን መንገጫገጭ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ ፒስቶኑ ቅርጹን አገኘ ማለት ነው። እጄ ላይ ያለውን ፒስቶን እንደገና አየሁት። ይህን የሠራው ሰው ዛሬን ሳይሆን የሥራውን ሰዓት ነው የለካው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልጁ ባጃጁን እየገፋ መጣ። ድሬ በዚያ ሰዓት ደግ ናት፤ ነፋሱ ገና ከተራራው በኩል ይወርዳል። መካኒኩ መሬቱን ጠርገው፣ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተው ቀደም ብለው ጠበቁን። በመጀመሪያ ሞተሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የትናንት ሙቀት ቀርቶ እንደሆነ ለማየት። ከዚያ የባልቦላዎቹን ክዳኖች ፈትተው ጨርቁ ላይ እንደ አፈታታቸው ቅደም ተከተል ደረደሩ። ሞተሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ምልክቱ ከምልክቱ ጋር ሲገጥም ቆሙ። አልጨረሱም፤ ሁለቱንም ክንዶች በጣታቸው ነቀነቁ። ምልክቱ በየዙሩ ይመጣል፤ ሁለቱ ባልቦላዎች አብረው የሚያርፉት ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። የተሳሳተው ዙር ላይ የለካ ሰው ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጡትን ስስ የብረት መለኪያዎች አወጡ። የሚያንኳኳው ባልቦላ ዘንድ ከሚገባው በላይ የሆነው ቅጠል በቀላሉ ገባ። «ይሄ ልል ነው፤ ግን አይገድልም።» ዝም ያለው የጭስ ማስወጫው ባልቦላ ዘንድ ከሁሉም የሳሳው ቅጠል አልገባም። ምንም አልገባም። ልጁ ወደኔ አየ፤ እኔም ወደሱ። ከዚህ በፊት የሆነ ሰው ድምፁን ለማጥፋት ብሎ አጥብቆታል። ደንበኛው ጸጥታ ጠየቀ፤ ጸጥታ ተሸጠለት።

ማስተካከሉ ራሱ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ግን ዓይኔን ልነቅል አልቻልኩም። በግራ እጃቸው መለኪያውን ክንዱና ባልቦላው መካከል ያዙት፣ በቀኝ እጃቸው ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ አዞሩ። ዓይናቸው ብሎኑ ላይ አልነበረም፤ መንገዱን ነበር የሚያዩት። የሚሠሩት በግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ስሜት ብቻ ነው። መለኪያው ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት፤ ጋቢ ውስጥ የተሰካ መርፌ ሲወጣ እንደሚይዘው ያህል። ካልያዘ ሰፍቷል፤ ከቆመ ጠብቧል። ልኩ ሲገኝ ዳዶውን አጠበቁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ትንሽ ይዞ ይዞራል፣ ልኬቱም ይሸሻል። እሳቸው ካቻቢቴውን ሳያነሡ ዳዶውን አጥብቀው መለኪያውን እንደገና ሳቡት። ተንቀሳቅሷል። ፈቱት። እንደገና። ተንቀሳቅሷል። ፈቱት። በአራተኛው ላይ መርፌው ከጋቢው ወጣ። ማንም ያላዘዛቸው፣ ማንም ሊያየው የማይችል ሦስት ጊዜ መመለስ ነበር።

«ለምን ጥብቅ አድርገው ድምፁን አያጠፉልኝም?» አለ ልጁ፤ ደንበኞቹ ድምፅ ሲሰሙ ይሰጋሉ።

ክዳኑን እየመለሱ «አቦ፣ ባልቦላው ትንሽ ያውራ» አሉት። «ካወራ አለ ማለት ነው።»

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ሳይጠሩት መጣ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ተምሯል። የኋላውን ክዳን አንሥቶ ሦስታችንም ጆሯችንን ሰጠነው። ትናንት አንዱ የሚጮኽበት አንዱ ዝም ያለበት ሞተር፣ ዛሬ ሁለት ድምፅ ነበረው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ አንዱ አንዱን የሚከተል፣ የማራገቢያው ሽውታ ከበላዩ እንደ ነጠላ የተጣለበት። መካኒኩ ካቻቢቴውን ለልጁ ሰጡት። ልጁ ጆሮው ላይ አጣብቆ ዓይኑን ጨፈነ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ሁለቱም ያወራሉ» አለ።

በዚያ ቅጽበት የገባኝን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። ያ የከሰዓት ድምፅ የተሠራው ጠዋት ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ ማንም በማይሰማበት ሰዓት። መካኒኩ እጃቸው ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሆኖ አሳባቸው ገና ያልመጣው ሙቀት ውስጥ ነበር። ሃዲድ ዘርጊውም እንዲሁ፤ ፒስቶን ሠሪውም እንዲሁ። ጥሩ ሙያ ከመጥፎው የሚለየው በማጥበቅ አይደለም፤ ማጥበቅ ጉልበት ያለው ሁሉ ይችላል። የሚለየው ነገ ለሚመጣው ሙቀት ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደሚያስፈልግ አውቆ፣ ያንኑ ብቻ፣ ያንኑ ሙሉውን በመተው ነው።

ልጁ ሞተሩን አጠፋ። የማርሚታው ቧንቧ መቀዝቀዝ ጀመረና «ቲክ» አለ። ቆየት ብሎ «ቲክ»። በመካከላቸው ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄደ፤ የሰፋው ብረት ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከመንገዱ ማዶ የአንዱ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ «ቋ» አለ፤ ከዚያ የጎረቤቱ፤ ከዚያ ራቅ ያለው። ቀን የሰፋው ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። መካኒኩ መለኪያዎቻቸውን በዘይት ጠርገው በጨርቅ ጠቀለሉና ለነገ ጠዋት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።